እስክሪብቶ የሌለበት ሰዓት

ያንን ደብዳቤ በገዛ እጄ ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። ሌላ ሰው አድርሶት ቢሆን ኖሮ ንዴቴ በግማሽ ይቀልልኝ ነበር። እኔ ግን ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ፣ ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ለሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊዋ በሁለት እጄ አስረከብኳት። አደራ እንዳይጠፋ ብዬም አስጠነቀቅኳት። አልጠፋም።

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ደም ስቀዳና ዓይኔን ማይክሮስኮፕ ላይ ደፍቼ ስውል ኖሬያለሁ። ታካሚ ሐኪሙን ያስታውሳል፣ ነርሷን ያስታውሳል፤ እኛን የሚያስታውሰን ክንዱ ሲበልዝ ብቻ ነው። የሙያ ማኅበር አለን፤ ግን ዋናው ጽሕፈት ቤት ሩቅ ነው፣ ከዚያ የሚደርሰን በዓመት አንድ የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ተነስቼ የአካባቢያችንን ቅርንጫፍ እናቋቁም አልኩ። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ቀልድ አያልቅበትም። በቀን ስንት መቶ ሰው እየጫነ አንድም ቀን ተደራጁ ብሏቸው እንደማያውቅ፣ እኔ ግን አስር ሰው ካየሁ ቃለ ጉባኤ እንደሚያምረኝ ነገረኝ። ሳቅን። ያኔ ይሳቅ ነበር።

ቀጮን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ቀጮ የምንላት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ነው፤ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ተምረናል፣ እኔ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ስይዝ እሷ ለግማሽ ሰው የሚሆነው ይበቃት ነበር። ስንመረቅ እኔ ትልቁ ሆስፒታል ደረሰኝ፤ እሷ ከተማው ዳር ያለ ጤና ጣቢያ፣ መስኮት የሌለው አንድ ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕ። ስለ ቅርንጫፉ ስነግራት ስብሰባ የሚወደው ሥራ ፈት ነው ብላ አሾፈችብኝ። ሦስት ወር ለመንኳት። በአራተኛው ወር መጣችልኝ።

የምንሰበሰበው በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ከሥራ መልስ ነው፤ ከነርሶች ማሠልጠኛው ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ መማሪያ ክፍል ለምኜ አስፈቅጃለሁ። ወንበር ስለማይበቃ ከጎረቤት ክፍል እጎትታለሁ፣ ሲያልቅም መልሼ እደረድራለሁ። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ነበርን። በሁለተኛው ዓመት ሠላሳ ስንደርስ ሰብሳቢ ይመረጥ ተባለና ቀጮን የጠቆምኳት እኔ ነኝ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ስናገር ምላሴ ይተሳሰራል፤ እሷ ስትናገር ግን ሰው ይሰማታል። ለኔ ወንበር መጎተቱ ይበቃኛል አልኩ። ከዚያ ወዲህ አባላቱ "የወንበር እናት" ይሉኝ ጀመር፣ እኔም ወደድኩት።

እስክሪብቶ የሌለበትን ሰዓት ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ሁላችንም እንሳሳታለን፤ ግን እያንዳንዳችን በየክፍላችን ለብቻችን ተሳስተን፣ ለብቻችን ደንግጠን፣ አፋችንን ዘግተን እንኖራለን። አንዷ የሠራችውን ስህተት ሌላዋ ሦስት ሰፈር አልፎ ያንኑ ትደግመዋለች። ስለዚህ ከሆስፒታሌ አፉ ላይ ስለተሰነጠቀ ለሥራ የማይሆን አንድ ቢከር አመጣሁ፤ ቢከር ማለት ፈሳሽ የምንለካበት ሰፊ የመስታወት ዕቃ ነው። ሕጉ ቀላል ነበር። ስብሰባው ሲጀመር ሁሉም እስክሪብቶውን ቢከሩ ውስጥ ይጥላል። ስልክ ይጠፋል። ፊት ለፊት አንድ ወንበር ባዶ ይቀመጣል፤ የፈለገ ሰው ይቀመጥበትና የራሱን ስህተት ይናገራል። ማንም አይጽፍም፣ ማንም አይወቅስም። እንዴት እንዳይደገም እንመክራለን፣ ከዚያ እስክሪብቶው ወጥቶ ወደ አጀንዳው እንገባለን። የተነገረው ነገር ከደረጃው አይወርድም። ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ለአንዴ እንኳ ምላሴ አልተሳሰረም።

የመጀመሪያው ቀን ማንም አልተነሳም። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። በመጨረሻ ተነስታ የተቀመጠችው ቀጮ ናት። አንድ ቀን ለሳንባ ነቀርሳ የሚመረመር አርባ የአክታ ስላይድ ተደርድሮላት ነበር፤ አርባውን ብቻዋን። ዓይኗ ሲደክም የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳታያቸው "አልተገኘም" ብላ ጻፈች። ከሦስቱ አንዱ የአናጢ ነበር። አናጢው ነጻ ነህ ተብሎ ቤቱ ገባ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሳለ፤ ሲመለስ ትንሿን ልጁንም አስይዟት ነበር። ሁለቱም ታክመው ድነዋል፤ ግን ቀጮ የልጅቷ ክብደት ምን ያህል ወርዶ እንደነበር ስትናገር ድምፅዋ ተቆረጠ። እኔ ተነስቼ አቀፍኳት። ያንን ነገር ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም፤ ለባለቤቴ የማልነግረው ነገር ደግሞ ብዙ የለኝም።

የኔ ተራ የደረሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሰው በበዛበት ጠዋት ጊዜ ለመቆጠብ የታካሚ ስም የተጻፈበትን ወረቀት ደም ከመቅዳቴ በፊት ቱቦዎቹ ላይ ለጥፌ አስቀመጥኩ። ይሄን አታድርጉ ብዬ ለስንቱ አስተምሬያለሁ። ሁለት እህትማማቾች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ የአባት ስም አንድ፣ መልክ አንድ። እኔ ዞር ስል ታላቅየዋ ፀሐይ መታኝ ብላ ከታናሽየዋ ጋር ቦታ ተቀያየረች። እኔም ስም ሳልጠይቅ የአንዷን ደም በሌላዋ ቱቦ ቀዳሁ። የነቃሁት የታላቅየዋ የደም ዓይነት መዝገብ ላይ ካለው ጋር አልገጥም ሲል ነው። ውጤቱ አልወጣም፣ ማንም አልተጎዳም። መልሼ ቀዳኋቸው። ለምን እንደገና ሲሉኝ ግን፣ ደሙ አንሷል አልኳቸው። ዋሸሁ። የስህተት ማሳወቂያ ቅጹንም ሳልሞላ ቀረሁ። ይሄን ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ተናገርኩ፤ ውሸቷንም ጭምር። ቀጮ ውሃ በብርጭቆ አምጥታ ሰጠችኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን አመለጠኝ አላልኩም። የታመነ ቦታ አስቀመጥኩት ነው ያልኩት።

ባለፈው ዓመት የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ኃላፊነት ቦታ ማስታወቂያ ወጣ። ሁለት ዓመት በተጠባባቂነት ስሠራበት ቆይቻለሁ፤ ሥራውን ሠራሁት፣ ወንበሩን ግን አላገኘሁትም። ይሄን ቦታ ፈልጌዋለሁ፤ አልፈለግኩም ብል ሰው ይታዘበኛል። ሃያ ሦስት ዓመት ሌሎች የሚያዙኝን ስሠራ ኖሬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይሄ ይሁን፣ ያ ይቅር ማለት አማረኝ። ከማመልከቻው ጋር ከሙያ ማኅበሩ ቅርንጫፍ የድጋፍ ደብዳቤ ይያያዝ ተባለ። ቀጮ ጋ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ፖስታውን አሽጋ፣ ማኅተሙን መዝጊያው ላይ መትታ ሰጠችኝ። ታሽጎ ነው የሚሰጠው፣ ደንቡ ነው አለችኝ። ልክ ነበረች፣ ደንቡ ነው። ግንባሬን ሳመችኝና "አንቺን ያልደገፍኩ ማንን ልደግፍ" አለች።

አመልካች አንሷል ተብሎ የማመልከቻው ጊዜ በሁለት ሳምንት ተራዘመ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ቀጮ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ። ዝግጅቱ እንዴት ነው፣ ምን ይጠይቁኛል ብለሽ ትገምቻለሽ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ትልቁ ችግር ምንድን ነው አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ዘረገፍኩላት። የናሙና መቀበያው መስኮት ቦታ መቀየር እንዳለበት፣ የሌሊት ተረኞች ለምን እንደሚያለቅሱ፣ የትኛው ማቀዝቀዣ ዲግሪው እንደሚያታልል። አንድ በአንድ። ባለቤቴ ጎኔ ተቀምጦ ስልኩ ጋለ እንጂ ነገሩ አላለቀም እያለ ይስቅ ነበር።

ቃለ መጠይቁ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሦስት ሰው፤ ሜዲካል ዳይሬክተሩ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋና የፋርማሲው ሽማግሌ። ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ሄደልኝ። እንዲያውም ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ነቀነቁልኝ። ከዚያ ዳይሬክተሩ መነጽሩን አድርጎ አንድ ወረቀት አነሳና የሁለቱን እህትማማቾች ጉዳይ እንዳስረዳው ጠየቀኝ።

መጀመሪያ የሌላ ሰው ፋይል የያዘ መሰለኝ።  ወረቀቱን ገፋ አድርጎ ሰጠኝ፤ ተሸክሜ ያደረስኩት የቀጮ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንቀጾች ምስጋና ነበሩ፤ ታታሪ፣ የቅርንጫፉ መሥራች፣ ወዘተ። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ "ይሁን እንጂ ለግልጽነት ሲባል፣ ባለሙያዋ በራሳቸው አንደበት እንዳረጋገጡት፣ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ስም በመለጠፋቸው የሁለት ታካሚዎች ደም የተቀያየረ መሆኑን፣ ለታካሚዎቹም ደሙ አንሷል በማለት እውነቱን የደበቁ መሆኑን፣ ጉዳዩንም በቅጽ ያላሳወቁ መሆኑን እንገልጻለን።" እንገልጻለን አለች። ብቻዋን ቁጭ ብላ ጽፋ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሌላ ምን ይባላል። እውነት ነው ወይ አለኝ፣ እውነት ነው አልኩ። ቅጹን ለምን አልሞላሁም አለ፣ ፈርቼ አልኩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጻፈች። እስክሪብቶዋ ሲሄድ እሰማዋለሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የቀረውን የነገረኝም ዳይሬክተሩ ነው። ደብዳቤውን የፈረመችው ሴት በተራዘመው ጊዜ የመጨረሻ ቀን ላይ ራሷም አመልክታለች። ከኔ ሌላ ለቃለ መጠይቅ የቀረበችው እሷ ብቻ ናት። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩ ከብዶታል። "በሚዛን እንድናየው ነው" አለኝ። "እሷ ስላንቺ ጽፋለች። አንቺም ስለ እሷ ሥራ የምታውቂው ነገር ካለ ተናገሪ፣ እንመዘግበዋለን።"

አናጢው መጣብኝ። ልጅቷ መጣችብኝ። የኔ ስህተት በሃያ ደቂቃ የታረመ ነበር፤ የእሷ ሁለት ወር ሙሉ ሲያስል የኖረ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ብጥል ሁሉም ነገር ይገለበጥ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስደግፋ ትጠብቃለች። ያ እስክሪብቶ ነው የያዘኝ። ቢከሩ የኔ ነው፤ ሕጉንም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

"በሥራዋ ጎበዝ ናት" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም።

ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይመስላችሁ። ከዚያ ክፍል ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ሰድቤዋለሁ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። አናጢውን አልነገርኩትም፤ ስለ እሷ የማውቀው ነገር እንዳለና እንዳልተናገርኩ ብቻ ነገርኩት። ሞኝ ነሽ አለኝ። ቆይቶ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝና ስኳር ስንት እንደምጨምር ጠየቀኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ኖሮ። ያኔ አለቀስኩ።

ቦታው ለቀጮ ሆነ። የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው፣ አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሳ፤ እጅጌው ረዝሞባት ሁለት ጊዜ ጠቅልላዋለች። ልትስመኝ ጉንጯን አቀረበች። ቁልፎቹን አቀረብኩላት። ይሄ የመጋዘኑ ነው፣ ይሄ የማቀዝቀዣው፣ ይሄ የመሳቢያው አልኳት። የሚያታልለውን ማቀዝቀዣ አልነገርኳትም። ታውቀዋለች።

በሩን ዘጋችና ቆመች። ደብዳቤውን ለምን እንደዚያ እንደጻፈችው ጠየቅኳት።

"ከጻፍኩት ውሸት አለበት?" አለችኝ።

"የለበትም።"

"እንግዲያስ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሃያ ሦስት ዓመት መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠች፣ እኔ ላመለክት ነው ብዬ ስሄድባት አንቺስ ብዬ እንዳልጠየቅኳት፣ ማንም ጠይቋት እንደማያውቅ ነገረችኝ። ይሄ እውነት ነው። አልጠየቅኳትም። ይሄን ስሰማ ልቤ ትንሽ እንደ መራራት አለ፤ አልደብቅም። መስኮት ለሁለታችን እንክፈት ብትለኝ እኮ ግድግዳውን አብሬያት እገፋው ነበር።

"የአናጢውን ነገር ብነግራቸውስ ኖሮ?" አልኳት።

"ጠየቁሽ?"

"ጠየቁኝ።"

አልደነገጠችም። ስትደነግጥ ለማየት ስንት ቀን ጠብቄ ነበር። ፈገግ አለችና የአንገት ልብሴን አስተካከለችልኝ፣ ትምህርት ቤት እያለን እንደምታደርገው።

"አንቺ እንደማትናገሪ አውቅ ነበር" አለችኝ። "አንቺን አውቅሻለሁ።"

እያመሰገነችኝ ነበር። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ብትፈራኝ ኖሮ፣ ወይ ደብዳቤውን ስትጽፍ እጇ ተንቀጥቅጦ ቢሆን፣ ሰው ነው ይስታል እል ነበር። እሷ ግን ታማኝነቴን እንደ ጓንት አጥልቃ ነው የሠራችው፤ ደሙ እጇን እንዳይነካት።

የዚያ ወር የመጨረሻ ሐሙስ እቀራለሁ ብዬ ነበር፤ እግሬ ወሰደኝ። እንደ ወትሮዬ ቀድሜ ሄጄ ወንበር ጎተትኩ። ቢከሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሰው ገባ፣ እንኳን ደስ አለሽ ተባለላት፣ ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄ ስንት ጊዜ እንደተነሳ አላስታውስም። ምን እንደጻፈችብኝ ከኔና ከእሷ በቀር ክፍሉ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ቢከሩ ዞረ። እስክሪብቶዎቹ አንድ በአንድ ጠብ ጠብ አሉ። የኔንም ጣልኩት።

ከግል ክሊኒክ የመጣች አንዲት አዲስ አባል አለች፤ ሙያውን ከጀመረች ዓመት አልሞላትም፣ ስብሰባችን ላይም ሦስተኛ ቀኗ ነው። እጇን እያሻሸች ተነሳችና ዛሬ እኔ ልቀመጥ አለች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ፊቷ ላይ ይታያል።

ቀጮ ለስለስ አለችላት። "ነይ እህቴ፣ አይዞሽ። እዚህ የሚነገር ከደረጃው አይወርድም" አለቻት።

የኔን ዓረፍተ ነገር። በኔ ፊት።

"አትቀመጪ" አልኩ። ጮኼ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ዞረ። ልጅቷ ወንበሩን ይዛ ቆማ ቀረች። "የሆነ ነገር ካጠፋሽ ነገ ጠዋት ቅጹን ሙዪ። ለአለቃሽ ራስሽ ንገሪ። ይቀጡሽ ይሆናል፣ ግን ከአፍሽ ይሰሙታል። እዚህ ግን አትንገሪ።"

 ቀጮ ሰብሳቢ ናትና በሰብሳቢ ድምፅ ለምን አለችኝ። ዓይኗ ግን ዓይኔ ላይ ነበር፣ እንደማልናገር እያወቀች።

"ወንበሩ ክፍት ነው" አልኳት። "ለምን እንደሆነ አንቺ ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው።"

እውነቱን ልናገር፣ ጠብቄያለሁ። ሁሉንም ነገር እያወቅኩ ጠብቄያለሁ። ሦስት እርምጃ ሄዳ ብትቀመጥና አንድ ደብዳቤ ጻፍኩ ብትል ይቅር እላት ነበር፤ ቦታውንም ውሰጂው፣ ማቀዝቀዣውንም አብረን እናሠራዋለን እላት ነበር። ውሃ አመጣላት ነበር። ወንበሩን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ያን ቀን አርባውን ስላይድ ልትነግረን ስትነሳ እንዳደረገችው የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ተነሳች ስል፣ ሰዓቷን አየች።

"ዛሬ አጀንዳው ብዙ ነው፤ ወደዚያ እንለፍ" አለችና እጇን ቢከሩ ውስጥ ሰዳ የራሷን እስክሪብቶ ፈልጋ አወጣች።

አዲሷ ልጅ ቦታዋ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔም ተነስቼ የራሴን አወጣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቢከሩን እንዳለ ተውኩላቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ወንበር ሳልደረድር ያንን ደረጃ የወረድኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ ከላይ ስሜን የጠራኝ አንድ ሰው ነበር፣ ድምፁ የእሷ አልነበረም።